ወራሽ አይደለችም፣ ባለቤት ናት

ጥያቄ፦ «ቱሉ ዲምቱ አካባቢ የእድር ጸሐፊ ነኝ። አንድ አባላችን ባለፈው ወር አረፈ። ከሴትየዋ ጋር ከ2006 ጀምሮ 11 ዓመት አብረው ኖረዋል፣ የ9 እና የ5 ዓመት ልጆች አሏቸው። ሰርግ አልደገሱም፣ ቀበሌም ሄደው አልተፈራረሙም፣ ግን ሽማግሌ ልኮ ለቤተሰቧ አስታውቋል። ቦታውን ሟች በ2004 ነው ያገኘው፣ ቤቱን ግን ከ2008 በኋላ አብረው ሆነው ነው የሰሩት፣ ካርታው በሱ ስም ነው። አሁን ወንድሞቹ ከገጠር መጥተው ካርታውን ይዘውታል፣ ታሞ ተኝቶ እያለ ‘ቤቱ ለወንድሜ ይሁን’ ብሏል ይላሉ። ሽማግሌዎች ተቀምጠው የቤት እቃውን እና 80,000 ብር ይዛ ትውጣ ብለው ወስነዋል፣ እሁድ መጥተሽ ፈርሚ ተብላለች። ከእድሩ ሰው ግማሹ ሕጉ ለሴት ስለሚያዳላ ነገሩ በሽምግልና ቢያልቅ ይሻላል ባይ ነው። ሚስት ትወርሳለች ወይ? እድሩ የሚሰጠውን ብርስ ለማን እንስጥ?»

ምላሽ፦

እሁድ እንዳትፈርም። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው። ብዙ ሰው የሽማግሌ ወረቀት ማለት ተፈርሞ ሳጥን ውስጥ የሚቀመጥ፣ ነገ ካልተስማማኝ ፍርድ ቤት ሄጄ አስተካክለዋለሁ የሚባል ነገር ይመስለዋል፣ እንደዛ አይደለም። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሰዎች ወደው የፈረሙት የእርቅ ስምምነት በመካከላቸው ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ ነው የሚቆጠረው። «ሀዘን ላይ ነበርኩ፣ አንብበው አልነገሩኝም» ብላ ለማፍረስ መሞከር ትችላለች ግን ማስረዳቱ የሷ ሸክም ይሆናል፣ ያኔ ደግሞ የሚመሰክሩት እነዛው አስፈራሚዎቹ ናቸው። እኔ ጋ አንዲት እናት እንዲህ ያለ ወረቀት ይዛ የመጣችው ከፈረመች ከሁለት ዓመት በኋላ ነበር፣ ቤቱ ተሽጦ ገዢው ግቢውን አጥሮ፣ እሷ ደግሞ በተሰጣት ብር ለጥቂት ወር ቤት ተከራይታ ጨርሳው። መብቷ እኮ ከጥያቄ ውስጥ የሚገባ አልነበረም፣ ግን ፊርማዋ ከመብቷ ቀድሞ ፍርድ ቤት ደርሷል። ያቺን ሴት አስቤ ነው አሁን በዚህ ጉዳይ የምቸኩለው።

አሁን ወደ ጥያቄው ስንመጣ፣ «ሚስት ትወርሳለች ወይ» የሚለው ጥያቄ ራሱ ነው የተሳሳተው፣ ሽማግሌዎቹንም ያሳሳታቸው እሱ ይመስለኛል። ኑዛዜ ከሌለ በኢትዮጵያ ሕግ ሚስት ባሏን አትወርስም፣ ባልም ሚስቱን አይወርስም። በሰርግ ያገባችም ብትሆን ያው ነው። ይሄን የሰሙ ሰዎች «በቃ ምንም የላትም» ብለው ይደመድማሉ። ነገር ግን ውርስ የሚባለው የሟች ንብረት ብቻ ነው፣ ከዚህ ቤት ግማሹ ደግሞ መጀመሪያውኑ የሟች አልነበረም፣ የሷ ነው። ሰው የራሱን ነገር አይወርስም። በአማርኛ «ባለቤት» ስንል የትዳር ጓደኛም ማለታችን ነው፣ የንብረት ጌታም ማለታችን ነው፣ ቋንቋችን ሁለቱን አንድ ላይ ያስቀመጣቸው ያለ ምክንያት አይመስለኝም። ስለዚህ እሷ ሽማግሌ ፊት ቀርባ «ከውርሱ አካፍሉኝ» ማለት የለባትም፣ ያንን ካለች እጇ ላይ ያለውን ራሷ ለወንድሞቹ ሰጥታ መልሳ እየለመነች ነው።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። መጀመሪያ የጋራ እዳ ካለ ከጋራው ይከፈላል። ከዛ የጋራ ንብረቱ ለሁለት ይከፈላል፣ ግማሹ የሷ። የቀረው የሟች ግማሽ ነው ውርስ የሚባለው፣ እሱም ለልጆቹ እኩል ይከፋፈላል። ለወንድሞቹስ? ምንም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 842 መጀመሪያ የሚጠራው ልጆችን ነው፣ ልጅ ካለ ወንድም፣ እህት፣ አጎት የሚባል ሰው ወደ ውርሱ አይደርስም። ልጆቹ ያለ ሰርግ መወለዳቸውም ምንም አይለውጥም፣ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ላይ ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ በጋብቻ ከተወለደው እኩል መብት አለው ይላል፣ እናትና አባት እንዲህ አብረው እየኖሩ የተወለደ ልጅ አባቱ ያ ሰውዬ እንደሆነም ሕጉ ይገምታል። እድር ላይ ያቺን የስድብ ቃል የሚጠቀም ሰው ካለ እባክዎ እዛው ያስቁሙልኝ፣ ልጆች ይሰማሉ።

ቀጥሎ «ሰርግ የለም፣ ወረቀት የለም» የሚለው። እዚህ ሁለት መንገድ አለ፣ እኔ የምመክረው ሁለቱንም በአማራጭ አድርጎ ማቅረብ ነው። የመጀመሪያው ጋብቻ አለ ብሎ መከራከር ነው። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ማለትም በአዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ጋብቻ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ወይም በባህል ይፈጸማል፣ ሦስቱም እኩል ናቸው። ሽማግሌ ልኮ ቤተሰቧ መርቆ ከሰጠ በባህል ጋብቻ ተፈጽሟል ማለት ይቻላል፣ ሰርግ ድግስ ነው እንጂ የጋብቻ መስፈርት አይደለም። የምስክር ወረቀት ከሌለ ደግሞ ሕጉ «የትዳር ሁኔታ መኖር» የሚለውን ይቀበላል፣ ማለትም ራሳቸው እንደ ባልና ሚስት ይተያዩ ነበር፣ ቤተሰብና ጎረቤትም እንደ ባልና ሚስት ያያቸው ነበር ብለው ምስክሮች ሲናገሩ። ሁለተኛው መንገድ፣ ጋብቻው ባይረጋገጥ እንኳ፣ ጋብቻ ሳይፈጸም እንደ ባልና ሚስት አብሮ መኖር የሚባለው ነው። አንቀጽ 102 ላይ ግንኙነቱ ከሦስት ዓመት ያላነሰ ከቆየ በዛ ጊዜ የተፈራ ንብረት የጋራ ነው። እነሱ 11 ዓመት ኖረዋል። ማስጠንቀቂያው፣ አልፎ አልፎ መገናኘት ወይም ልጅ መውለድ ብቻውን አብሮ መኖር አይባልም፣ በአንድ ቤት እንደ ተጋቢ መኖራቸው መታየት አለበት፣ እዚህ ጉዳይ ላይ ግን እሱ የሚያስቸግር አይመስለኝም።

ሽማግሌዎቹን ክፉዎች ናቸው ብዬ አላስብም። የወሰኑት ነገር ከየት እንደመጣ ግን አውቃለሁ። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ ኃላፊ ያደርግ ነበር፣ ያለ ጋብቻ አብሮ መኖርም የጋራ ንብረት አይፈጥርም ነበር፣ ሰውዬው ቢተዋት ዳኛው ለርትዕ ሲል የተወሰነ ወር ቀለብ የሚሆን ካሳ ሊያስከፍለው ይችል ነበር፣ በቃ። «እቃዋንና ትንሽ ብር ይዛ ትውጣ» የሚለው ፍርድ ቁርጥ ያ ነው። እነዚህ አባቶች በጎልማሳነታቸው ያዩት፣ ሲዳኝ የሰሙት ሕግ እሱ ነው፣ ባህል ነው ብለው ይዘውት ቀሩ እንጂ ከመጽሐፍ የወጣ ሕግ ነበር። ከዛ በኋላ በ1987 ሕገ መንግሥቱ በጋብቻ ውስጥም በንብረትም ወንድና ሴት እኩል ናቸው አለ፣ በ1992 የቤተሰብ ሕጉ ተቀየረ፣ ለዛም እነ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ያቋቋሙት የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ብዙ ታግሏል። ሕጉ ከተለወጠ 25 ዓመት ሆነው፣ ከሽማግሌው ወንበር ግን ገና አልደረሰም። እዚህ ዳር ዳር ያለነው ሰዎች ላይ ደግሞ ይብሳል፣ ግማሹ ከገጠር የመጣ፣ ግማሹ ከመሀል ከተማ በልማት ተነስቶ የመጣ፣ ዘመድ ሩቅ፣ ጎረቤት አዲስ፣ ስለዚህ ችግር ሲመጣ ቶሎ የሚገኘው ሽማግሌ ነው፣ ፍርድ ቤት የሚባለው ሁለት ታክሲ ተይዞ የሚኬድ ሩቅ ነገር ነው።

«ሕጉ ለሴት ያዳላል» ለሚሉት አባላት አንድ ነገር ይጠይቁልኝ። እሷ ብትሞትና ካርታው በሷ ስም ቢሆን፣ ወንድሞቿ መጥተው አንተ እቃህን ይዘህ ውጣ ቢሉት ትክክል ነው ይሉ ነበር? ሕጉ እዛም ላይ ለሱ ግማሹን፣ ለልጆቹ ግማሹን ነው የሚሰጠው፣ ወንድሞቿን ባዶ እጃቸውን ይመልሳል። ለሴት የተለየ ቁጥር የለውም። ያዳላ የሚመስለው ሁልጊዜ አንድ ወገን ብቻ ሲጎዳ ስለኖረ ነው።

ካርታው በሱ ስም መሆኑ አያሳስባት። የቤተሰብ ሕጉ አንቀጽ 63 ንብረቱ በአንዱ ስም ቢመዘገብም የግሉ መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር የጋራ ነው ይላል። በጣም ጠቃሚ ድንጋጌ ነው ምክንያቱም ማስረዳቱን ወደ ሌላኛው ወገን ነው የሚያዞረው፣ እሷ የጋራ ነው ብላ ሳይሆን እነሱ የግሉ ነው ብለው ነው ማስረዳት ያለባቸው። አሁን እውነቱን ልናገር፣ እዚህ ጉዳይ ላይ ደካማዋ ቦታ 2004 ናት። ቦታውን እሷ ከመምጣቷ በፊት ስላገኘው ወንድሞቹ ጠበቃ ከያዙ የሚመጡት በዛ በኩል ነው፣ ከጋብቻ በፊት የነበረ ንብረት የግል ስለሆነ። መልሱ ቤቱ መቼ ተሰራ፣ በምን ገንዘብ ተሰራ የሚለው ነው። ቤቱ ከ2008 በኋላ በጋራ ኑሮ ውስጥ ከተሰራ ቤቱ የጋራ ነው፣ የቦታውን ነገር ዳኛው በማስረጃ ያየዋል። ስለዚህ የቆርቆሮና የሲሚንቶ ደረሰኝ፣ የአናጺውና የግንበኛው ስም፣ የባንክ ደብተር፣ መብራት የገባበት ቀን፣ እሷ እቁብ ጥላ ያወጣችው ብር ካለ የእቁቡ ሰብሳቢ፣ ሁሉም አሁን መሰብሰብ አለበት። እንጀራ ጋግራ እየሸጠች ከሆነ ወይ ቤት ውላ ልጅ ያሳደገች ከሆነ «ገቢ የላትም» የሚል ክርክር ይነሳ ይሆናል፣ አይሰራም፣ የጋራ ለመሆን ማን ብዙ ብር አመጣ ተብሎ አይጠየቅም። ሌላ አንድ ነገር አጣሩ፣ ሟች ገጠር ያልፈረሰ ሌላ ጋብቻ ነበረው ወይ? ካለ ስሌቱ ይቀየራል፣ የዛችኛዋም ሴት መብት አለና። ይሄን ደብቆ ፍርድ ቤት መግባት ኋላ ይጎዳታል።

ስለ ኑዛዜው፣ «ታሞ እያለ ተናገረ» የሚባለው ነገር በሕጉ የቃል ኑዛዜ ይባላል፣ ግን በቃል ሊባል የሚችለው በጣም ጥቂት ነገር ነው፣ ስለ ቀብሩ ሥነ ሥርዓት፣ ስለ ልጆቹ ሞግዚት እና እያንዳንዱ ከ500 ብር ያልበለጠ ስጦታ። ቤት በቃል ኑዛዜ አይሰጥም። የጽሑፍ ኑዛዜ አለን ብለው ቢመጡ ዋናውን አይታችሁ ኮፒ ያዙ፣ ሙሉ በሙሉ በራሱ እጅ የተጻፈ ነው ወይስ በምስክሮች ፊት ተነቦ የተፈረመ የሚለው ይመረመራል። የትኛውም ዓይነት ቢሆን ግን የሷን ግማሽ ሊናዘዝበት አይችልም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር፣ ቤቱ ከመንገዱ በየትኛው በኩል ነው? ቱሉ ዲምቱ ላይ አዲስ አበባ የት ጋ አብቅቶ ገላን የት ጋ እንደሚጀምር ነዋሪውም ይሳሳታል። አዲስ አበባ ውስጥ ከሆነ የሚሰራው አዋጅ 213/1992 ነው፣ ልጆቹ ወራሽ መሆናቸውን የሚያረጋግጠውን ወረቀት የከተማው ፍርድ ቤት ይሰጣል፣ የንብረት ክርክሩን ደግሞ የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የቤተሰብ ችሎት ያየዋል። ሸገር ከተማ ውስጥ ከሆነ፣ ማለትም በ2015 ገላን፣ ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ ለገዳዲ እና ሰንዳፋ አንድ ላይ ሆነው ወደተመሠረተው ከተማ የሚገባ ከሆነ፣ የሚሰራው የኦሮሚያ የቤተሰብ ሕግ ነው፣ አቤቱታውም በአፋን ኦሮሞ ነው የሚጻፈው። የሁለቱ ሕጎች ይዘት በአብዛኛው ይቀራረባል ግን አንዱ የሌላው ኮፒ አይደለም፣ ስለዚህ ጠበቃ ስትይዝ ያንን ሕግ የሚያውቅ መሆን አለበት። ፋይል የተሳሳተ ቦታ ተከፍቶ ስልጣን የለንም ተብሎ ሲመለስ ወራት ይባክናል፣ ካርታው ላይ ወይም የመብራት ቢሉ ላይ ያለውን አድራሻ ዛሬ እዩት።

የእድሩ ነገር ላይ ሰፋ ላድርገው ምክንያቱም እርስዎ ራስዎ ማስረጃ ነዎት። በአገራችን የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ማብቂያ ላይ ነው፣ እነሱ ደግሞ ከዛ በፊት ነው አብረው መኖር የጀመሩት፣ የሚያሳዩት ሰርተፊኬት ባይኖር አይገርምም። እንዲህ ላለ ሰው መዝገቡ ማነው ካልን እድሩ ነው። ሟች ሲመዘገብ «ባለቤት» በሚለው መስመር ላይ የማን ስም ሞላ? የልጆቹስ ስም አለ? ከነቤተሰቡ ነው ወርሃዊ መዋጮ የሚከፍለው ወይስ እንደ ብቸኛ? እናቷ ስትሞት እድሩ የአማት ሀዘን ብሎ ድንኳን ተክሎ ነበር? የዛን ቀን ወንበር የሸከሙ፣ ንፍሮ የቀቀሉ፣ ሦስት ቀን የተቀመጡ ሰዎች ሁሉ ምስክር ናቸው። የመዝገቡን ገጾች ኮፒ አድርጉ፣ ዋናውን ግን ለማንም እንዳትሰጡ፣ ፍርድ ቤት ሲጠይቅ ብቻ ነው የሚቀርበው። አንዳንድ እድር ደግሞ የራሱን ደብዳቤ ጽፎ «ሚስቱ መሆኗን እናረጋግጣለን» ይላል፣ ይሄ ይረዳል ግን እንደ መዝገቡ እና በአካል ቀርቦ እንደሚመሰክር ሰው አይሆንም፣ ስለዚህ ሁለት ሦስት ሰው ከአሁኑ ፈቃደኛ ይሁን። ከወንድሞቹ ጋር መቀያየም ያስፈራል፣ ይገባኛል፣ ግን እነሱ አገራቸው ይሄዳሉ፣ እሷና ልጆቿ ከእናንተ ጋር ነው የሚቀሩት።

ብሩን ለማን እንስጥ ላሉት፣ የመተዳደሪያ ደንባችሁን አንብቡ፣ ደንቡ ‘ለሟች ቤተሰብ’ የሚል ከሆነ ቤተሰቡ በመዝገባችሁ ላይ ስማቸው ያለው እሷና ልጆቹ ናቸው፣ ለሷ አስፈርማችሁ ስጡ። ወንድሞቹ በመዝገባችሁ የሉም። ደንቡ ዝም ካለ ጠቅላላ ጉባኤ ጥሩና አስወስኑ፣ በዛው ቀን ደግሞ ሁለት ነገር ይጨመር፣ አባልነት በባልና ሚስት በሁለቱም ስም ይመዝገብ፣ አንዱ ሲሞት አባልነቱ ለቀሪው ያለ አዲስ መግቢያ ይቀጥል። ባሏ ሲሞት የእድር አባልነቷ አብሮ የሚሞትባት ሴት በሕግ የቱንም ያህል እኩል ብትባል በሰፈሯ እኩል አይደለችም፣ ይሄን ፓርላማ አያስተካክለውም፣ በእናንተ ጉባኤ አንድ ከሰዓት የሚያልቅ ነገር ነው።

እሷ ምን ታድርግ? ከቤቱ አትውጣ። ሁለት ሳምንት ዘመድ ጋ ልረፍ ብላ እንኳ እንዳትወጣ፣ ተመልሳ ስትመጣ ቁልፉ ተቀይሮ ልታገኘው ትችላለች። በጉልበት ላስወጣሽ ካሏት ፖሊስ ይጠራ፣ ከዛም ሁከት ይወገድልኝ የሚል ክስ አለ፣ እሱ ግን የሁለት ዓመት ገደብ ስላለው አይቆይም። ቀጥላ እሷ የልጆቹ ብቸኛ ሞግዚትና አሳዳሪ ሆና የወራሽነት ማስረጃቸውን ታውጣ፣ አባት ሲሞት ይሄ ስልጣን የእናት ነው፣ የአጎት አይደለም። ከዛ የድርሻ ክሱ ሲከፈት ቤቱ እንዳይሸጥና ስሙ እንዳይዛወር የእግድ ትዕዛዝ ትጠይቅ፣ ትዕዛዙም መሬት አስተዳደር መድረሱን ራሷ ሄዳ ትከታተል፣ ፍርድ ቤት የሰጠው እግድ ቢሮ ሳይደርስ ቤት ተሽጦ ያውቃል። ካርታውን ወንድሞቹ ስለያዙት ብቻ ቤቱ የነሱ አይሆንም፣ ኮፒው ከፋይሉ ይወጣል። የዳኝነት ክፍያ መክፈል ካልቻለች ከወረዳ ደብዳቤ ይዛ በድሃ ደንብ መክሰስ ትችላለች፣ ነጻ የሕግ ድጋፍም የሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበርና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነጻ ሕግ አገልግሎት ይሰጣሉ። ስለ ጊዜው ግን አልዋሻትም፣ ቀጠሮ ይበዛል፣ ሌላው ወገን ይግባኝ ካለ ደግሞ ይረዝማል። ቤቱ የግድ ተሽጦ ብር መከፋፈል አለበት የሚላት ሰው ቢኖር አትስማው፣ ግማሹ የሷ፣ ግማሹ እሷ የምታስተዳድረው የልጆቿ ከሆነ ሐራጅ የሚያወጣው ምክንያት የለም።

ሽምግልናውን ጣሉት አላልኩም። ሕገ መንግሥቱ ራሱ አንቀጽ 34 ላይ የቤተሰብ ክርክር በባህል ወይም በሃይማኖት ሕግ እንዲዳኝ ይፈቅዳል፣ ግን ሁለቱም ተከራካሪዎች ሲፈቅዱ ብቻ፣ ጥቁር ለብሳ አንገቷን ደፍታ ዝም ያለች ሴት ፈቅዳለች አይባልም። ወንድሞቹ ለግንባታው ብር ልከው ወይ በሬ ሽጠው ከሆነ እሱ እዳ ነው፣ ይቆጠርና ይመለስላቸው፣ እዚህ ላይ ሽማግሌ ከዳኛ ይሻላል። ልጆቹ ከአባታቸው ወገን እንዳይቆራረጡ፣ ተዝካሩ በጋራ እንዲወጣ፣ እሱም የሽማግሌ ስራ ነው። ግማሽ ድርሻዋ ግን ለድርድር የሚቀርብ አይደለም።

ስለዚህ እሁድ እርስዎ አብረዋት ይሂዱ፣ የመዝገቡን ኮፒ ይያዙ። እስክሪብቶው ሲቀርብላት «የሕግ ሰው ሳላማክር አልፈርምም» ትበል፣ ሌላ ምንም አትጨምር። ሰኞ ጠዋት የወራሽነት ማስረጃ ማመልከቻውን ታስገባ፣ የልጆቹን የልደት ሰርተፊኬት ካላገኘች የክትባት ካርዳቸውንና የትምህርት ቤት መዝገባቸውን ይዛ።